ሦስተኛው ደብተር

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አቃፊ ይዤ የዝግጅት ክፍሎችን ደጅ ስጠና ከከረምኩ በኋላ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከሥራ ፈትነት ይሻላል ብዬ በማታ የተማርኩት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ ቀን ከተማርኩት ሙያ ቀድሞ እንጀራ ሰጠኝ ማለት ነው። ሱቁ የቤተሰብ ነበር። አባወራውን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ሚስታቸውን «እትዬ»። ሁለት ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባንኮኒ ይቆማሉ፤ የእትዬ የእህት ልጅ መጋዘን ይጠብቃል። ባዕድ የነበርነው እኔና አንድ ተሸካሚ ብቻ ነን።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ሁለት ቁልፍ ሰጡኝ። ሁለት መሳቢያ፣ በየመሳቢያው አንድ አንድ መዝገብ። «ይሄኛው የእነሱ ነው» አሉኝ የላይኛውን በጣታቸው እየነኩ፤ «ይሄኛው የእኛ።» «እነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። በዚህ ከተማ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው አይጠይቅም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሳስተያይ፣ በአንደኛው መዝገብ ላይ በጭንቅ የምትተነፍሰው ሱቅ በሌላኛው ላይ ደልቷት ተቀምጣለች።

ይህን የምጽፈው ራሴን ከደሙ ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። ሁለቱንም መዝገብ ዓመታት ሙሉ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። ደመወዜንም የተቀበልኩት ከታችኛው መሳቢያ ነው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ይህ ሁለት መዝገብ የሚባል ነገር ከየት መጣ? የእኛ ሰዎች ብልጠት ነው? ወይስ ከመዝገብ ጋር አብሮ የተወለደ? የጋዜጠኝነት ትምህርቴ የተረፈኝ ይኸው መጠየቅ ብቻ ስለነበር በምሳ ሰዓት ማንበብ ጀመርኩ።

ያገኘሁት የመጀመሪያ ሰው መነኩሴ ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ኢጣሊያዊ የፍራንሲስካን መነኩሴና የሒሳብ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ነጋዴ መዝገብ አያያዝ አንድ ክፍል አስገባ። ዘዴውን እሱ አልፈጠረውም። የኢጣሊያ ነጋዴዎች ከእሱ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ የእሱ ድርሻ አሰባስቦ ማሳተሙ ነው። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ልጅ «ዴቢት»፣ «ክሬዲት» ሲል የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ሁለቱ ድምሮች እኩል ካልመጡ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። (እኩል ከመጡም ስሕተት ሊኖር ይችላል። ይህን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው።)

ፓቾሊ ነጋዴውን ሥራ የሚያስጀምረው በቆጠራ ነው። ጥሬ ገንዘቡን፣ ጌጣጌጡን፣ ልብሱንና የቤት ዕቃውን ሳይቀር በአንድ ዝርዝር ላይ እንዲያሰፍር ያዘዋል። ሰኔ 30 ማታ የሱቁን በር ቆልፈን ሚስማር በኪሎ፣ ማጠፊያ በደርዘን፣ ቀለም በጣሳ ስንቆጥር የምናነጋው የዚሁ ዘር ነው። ከዚያ ሦስት መዝገብ ይኑርህ ይለዋል። መጀመሪያ የዕለት ማስታወሻ፤ የሆነው ሁሉ እንደሆነ ወዲያው የሚጻፍበት። ከዚያ ጆርናል፤ ማስታወሻው በሥርዓት የሚገለበጥበት። በመጨረሻ ሌጀር፤ ሁሉም በየስሙ የሚለይበት። ስለ ማስታወሻው ደብተር ሲያብራራ የተናገረውን ግን የዚያን ዕለት በዋዛ አለፍኩት። በዚህ ደብተር ላይ የሱቁ ጌታ፣ ረዳቶቹ፣ ልጆቹ፣ ሴቶቹም ጭምር ሊጽፉ ይችላሉ ካለ በኋላ፣ ስለ ሴቶቹ በቅንፍ «ካወቁ» የሚል ቃል ይጨምራል። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

ያን ቀን ያሳቀኝ ሌላ ነው። መነኩሴው ያኔውኑ ሁለት መዝገብ ስለሚይዙ ነጋዴዎች ይናገራል። አንዱን ለገዢ፣ ሌላውን ለሻጭ ያሳያሉ፤ በዚህም በሐሰት ይምላሉ ብሎ ይቆጣል። መድኃኒት ብሎ ያመጣው መዝገቡን ወደ ከተማው የንግድ ሹማምንት ወስዶ ማስመዝገብን ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ያለን መድኃኒት እሱው ነው፤ ማኅተሙ ብቻ ተለወጠ። ፍሎረንስ ውስጥ ደግሞ ዝነኛው የሜዲቺ ቤተሰብ ባንክ «የምስጢር መጽሐፍ» የሚባል ነበረው። የየሸሪኩ ካፒታልና የትርፍ ድርሻው የሚጻፈው ተራው ጸሐፊ በማያየው በዚህ መዝገብ ላይ ነበር። ከእነዚህ መካከል ከ1397 እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያለውን ጊዜ የሚሸፍኑ ሦስት መጻሕፍት የተገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ ጋሼ የታችኛውን መሳቢያ ሲቆልፉ ብቻቸውን አልነበሩም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መዝገብ አልነበረም ማለት አይቻልም። ቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቅ ባጅሮንድ ነበረው። ገበያውም ቀረጥ የሚሰበስብ ነጋድራስ ነበረው። እነዚህ ግን የመንግሥት ዓይኖች ናቸው፤ ወደ ነጋዴው የሚያዩ። ነጋዴው ራሱን የሚያይበት መዝገብ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። እንደ መሐመድአሊ ያሉ የሕንድ የንግድ ቤቶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና የየመን ዐረቦች የአዲስ አበባን ሱቆች ያዙ። ኢጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውረው ስሙንም ከቋንቋቸው ትተውልን ሄዱ። በ1935 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ መዝገብ መያዝ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በክፍል ውስጥ የሚማሩት ሙያ ሆነ። «ኮሜርስ ነው የተማረው» የሚለው አነጋገር ያኔ ሙሽራ ያስገኝ እንደነበር አባቶቻችን ያጫውቱናል።

ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጉ ወጣ። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ሥራው ሳያልቅ ስላረፉ ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። 63ኛው አንቀጽ ነጋዴ ሁሉ እንደ ንግዱ ዓይነትና ስፋት መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፤ ቀጥሎ ያለው ጥቃቅን ነጋዴዎችን ከዚህ ነፃ ያደርጋል። ይህ ሕግ ለስድሳ ዓመታት ያህል ከኖረ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። ሕጉ መዝገብን የሚመለከተው የነጋዴው መስተዋት አድርጎ ነው። ሆኖም መስተዋቱ ገና በቅጡ ሳይሰቀል የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. ባንኮቹና ትልልቆቹ ድርጅቶች ተወረሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የግል ንግድ አዋጅ ደግሞ የነጋዴውን ካፒታል ጣሪያ አበጀለት፤ ለቸርቻሪ 200 ሺህ ብር፣ ለጅምላ ነጋዴ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ። ይህ ቁጥር በመዝገብ አያያዝ ታሪካችን ውስጥ ከፓቾሊ መጽሐፍ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ብል አላጋነንኩም። መዝገብ ማሳደግ አደጋ ሆነ። አድጎ የተገኘ ሱቅ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው።

ጋሼ ያን ጊዜ የ19 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ በአጎታቸው የጅምላ መደብር ውስጥ ይሠሩ ነበር። አንድ የቆጠራ ሌሊት፣ እኔና እሳቸው ሻማ አብርተን (መብራት ሄዶ ነበር) ማጠፊያ ስንቆጥር እንዲህ ብለው አጫወቱኝ። አዋጁ በሬዲዮ በተነበበ ሳምንት አጎታቸው በሩን ከውስጥ ቀርቅረው መዝገቡን አወጡ። «አንተ እጅህ ጥሩ ነው፣ ጻፍ» አሏቸው። አጎትየው እያነበቡ፣ እያሳነሱ፣ ጋሼ እየጻፉ አነጉት። የጠዋቱ መዝገብ ከጣሪያው በታች ሆኖ አደረ። አሮጌው ምድጃ ገባ። «አየሽ ልጄ» አሉኝ ሻማውን ወደ ቆጠራው እያስጠጉ፣ «የእውነቱ ነው የተቃጠለው። የቀረው ሐሰቱ ነው። እኛ ግን በሐሰቱ ኖርን።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ሁለቱ መሳቢያዎች የነበረኝ ንቀት ቀነሰ። ጠፋ አልልም። ምክንያቱም በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጇል፣ በ1983 መንግሥት ተለውጧል፣ የካፒታሉ ጣሪያ ተነስቷል፤ መሳቢያው ግን አልተከፈተም። ፍርሃት የገነባውን ቤት ስግብግብነት ተከራየው። በ1995 ዓ.ም. ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሆኖ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የሽያጭ መመዝገቢያው ማሽን ባንኮኒው ላይ ተቀመጠ፤ በየማታው ዜድ ሪፖርቱን አውጥቼ ቀዳዳ ባለው አቃፊ እሰካለሁ። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት የዓመት ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር ያለፈ ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ተብሎ ሙሉ መዝገብ እንዲይዝ፣ እስከ ጥቅምት 30 ድረስም እንዲያስታውቅ ይገደድ ነበር። ከታች የነበረው ደረጃ «ሐ» ነጋዴ በግምት ይከፍል ነበር። ግምቱ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያቃጥል በ2009 ዓ.ም. ክረምት ታይቷል፤ የቀን ገቢ ግምቱን በመቃወም በአዲስ አበባም በኦሮሚያ ከተሞችም ሱቆች ተዘግተው ነበር። መዝገብ የሌለው ሰው በግምት ይከፍላል፤ መዝገብ ያለውም አይታመንምና ተመልሶ ይገመትለታል። በዚህ መካከል የሚቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛው ነው።

ይሁንና አንባቢዬ የሱቅ ሒሳብ ሠራተኛ ትልቁ ጭንቀት ግብር ነው ብሎ ካሰበ ተሳስቷል። ትልቁ ጭንቀት ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ጋሼ መሳቢያውን ከፍተው ገንዘብ ያወጣሉ፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለዕድር፣ ለፋሲካ በግ፣ አገር ቤት ላለ ወንድም። አይጻፍም። ማታ ካሽ ይጎድላል። የጎደለውን ማን በላው? እኔ ነኝ የምጠየቀው። ስለዚህ በ2004 ሐምሌ አንድ ሒሳብ ከፈትኩ፤ ስሙንም በመጽሐፍ እንደተማርኩት «የባለቤት ወጪ» አልኩት። በዓመቱ ስደምረው 186 ሺህ ብር ሆነ። አትሜ አቀረብኩላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ከኪሴ ወደ ኪሴ ያዛወርኩትን ማነው ዕዳ ያደረገው?»

«ዕዳ አይደለም ጋሼ። ሱቁ ለብቻው እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጠረው። እርስዎ ከሱቁ ወሰዱ ማለት ነው።»

«ሱቁ ሰው ከሆነ» አሉ፣ «ሲታመም እኔ አስታምሜዋለሁ። እሱ እኔን መቼ አስታመመኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ከገንዘብ መቀበያው በኩል ግን እትዬ ቀና አሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሱት እሳቸው ናቸው። «የባለቤት ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«እኔም ባለቤት ነኝ። የእኔስ የታለ?»

ሳቅን። ቋንቋችን ሱቅ ያለውንም፣ ያገባውንም፣ ያገባችውንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ነገሩ ቀልድ መሰለን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማታ ቤቴ ሆኜ አሰብኩት። ኮምፒውተሩ ላይ የጫንኩት ፒችትሪ ውስጥ ከመቶ በላይ የሒሳብ ስሞች አሉ። ለተሸካሚው ደመወዝ አለ። ለመብራት አለ። ለዘበኛ ሻይ እንኳ አለ። ለእትዬ የለም። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ስለዚህ ወጪ አይደሉም። ፈቃዱ በጋሼ ስም ነው፤ ስለዚህ ካፒታል አይደሉም። «ካፒታል» ከሚለው ጎን የአንድ ሰው ስም ጽፌአለሁ፤ የጻፍኩትም ከግድግዳው ላይ፣ ጋሼ በጥቁር ኮት ከተነሱት ፎቶግራፍ ጋር ከተሰቀለው ፈቃድ ገልብጬ ነው።

የእትዬ ነገር ሌላ ቦታ ነበር የተጻፈው። ገንዘብ መቀበያው ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር አላቸው። የዱቤ ደብተር ነው። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል። «ቀዩ አናጢ፣ 3 ኪሎ ባለ 8 ሚስማር፣ ልጁ ታሟል፣ እስከ ጥምቀት አይጠየቅ።» «ባለ ሱፍ ኮቱ፣ 2 ቁልፍ፣ ግማሹን ከፍሏል፣ ሚስቱ አታውቅም።» ወደ ኮምፒውተሩ ላስገባው ሞክሬ ነበር፤ ፕሮግራሙ የደንበኛ ስምና መለያ ቁጥር ጠየቀኝ፤ «ቀዩ አናጢ» የሚለውን ሳስገባ ራሴን አፈርኩበት፤ ተውኩት። ያኔ ነው የፓቾሊ ቅንፍ ትዝ ያለኝ። ሴቶቹም ይጽፋሉ፣ ካወቁ። የመጀመሪያው፣ ጆርናሉም ሌጀሩም የሚቀዱበት ደብተር ይህ ነበር። እኛ ሁለት መሳቢያ ቆልፈን ስንሟገት እሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሥራውን ይሠራል።

እትዬ «ያወቁት» ደግሞ የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሠራተኛ ሆነው ከሰው ቤት ሳሉ፣ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄዱ ፊደል ለዩ። በ1975 ዓ.ም. ጋሼን አገቡ። መምህሩ «እንዳይጠፋባችሁ በየቀኑ አንድ ነገር ጻፉ» ብሏቸው ነበርና በሱቁ የሚጽፉት ነገር አላጡም።

ጋሼ በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። አርባቸው ከወጣ በኋላ ከእትዬ በፊት ከወለዱት ልጃቸው ጋር ክርክር ተነሣ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በልጅነቱ የተገፋ ነው፣ የአባቱን ነገር ይፈልጋል። ሱቁ የተከፈተው በ1972፣ ከጋብቻው በፊት ነው፤ ስለዚህ የአባቴ የግል ነው አለ። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? እኔ ያተምኩት ሪፖርት ነበር። «ካፒታል» ከሚለው ጎን የአንድ ሰው ስም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረት የተገኘውንም፣ ከግል ንብረት የመጣውን ገቢም የጋራ ነው ይላል። ይህን ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌዎችም ያውቁታል። ያላወቁት በጋብቻው ዋዜማ ሱቁ ምን ያህል እንደነበረ ነው። የላይኛው መሳቢያ ይህን አይናገርም። የታችኛውም አይናገርም። እትዬ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና በገመድ የታሰሩ ደብተሮችን ይዘው ወጡ። የመጀመሪያው 1976 ይላል። ወደ ሱቁ የገቡ ሰሞን፣ እጃቸው እንዳይረሳ ብለው ዙሪያቸውን እያዩ የጻፉት ነው። ሽማግሌው መነጽር ስላልያዙ እንዳነብ ታዘዝኩ። «ሚስማር 2 ካርቶን። ማጠፊያ 14። ቁልፍ 9። ቀለም የለም። ቆርቆሮ የለም። አንድ ወንበር።»

ልጁ ደብተሩን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ረጅም ጊዜ ያዘው። ከዚያ በኋላ የነበረው የገንዘብ ድርድር ነው፤ ሁለት እሑድ ፈጀ። ሁሉም ረክቶ ተለያየ ለማለት አልደፍርም። ሱቁ ግን ለእትዬ ሆነ፤ ለልጁም የድርሻው ተከፈለው። ፈቃዱ በእትዬ ስም ወጣ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም አዲስ ሆነ። እኔም አዲስ መዝገብ ከፈትኩ፤ ፓቾሊ እንዳለው በቆጠራ ጀምሬ።

ዱቤውን ለመሰብሰብ እትዬ የመጨረሻዎቹን ደብተሮች ሰጡኝ። ዘንድሮ የሚከፍለውን፣ የማይከፍለውን፣ የሞተውን እየነገሩኝ እኔ እዘረዝራለሁ። የ2005 ሐምሌ ገጽ ላይ ስደርስ አንድ መስመር አየሁ። «ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ 1 ጣሳ ነጭ ቀለም፣ ለእናቷ ቤት፣ 240 ብር።» በደንብ ትዝ ይለኛል። ጋሼን አስፈቅጄ ነበር፤ «ውሰጂ፣ በኋላ ትከፍያለሽ» አሉኝ። በየትኛውም መሳቢያ አልጻፍኩትም። የዚያን ዓመት ቆጠራ አንድ ጣሳ ቀለም ሲጎድል «ብልሽት» ብዬ ያለፍኩት እኔው ነኝ።

ደሞዝ ቀን ነበር። ከቦርሳዬ 240 ብር አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ቆጠሩት፣ እርሳሳቸውን አንሥተው መስመሩን ሰረዙት።

«ደረሰኝ ይቆረጥ እትዬ?» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አሉና ወደ ሚቀጥለው ደንበኛ ዞሩ።